አንድ ክር፣ አንድ ኪሮሽ

«ለቡለን ሹራብ ምን ያደርግልሃል? ቆላ አይደለም እንዴ!» ብለው የመከሩኝ ወዳጆቼ ሁሉ ቡለንን በካርታ እንጂ በዓይናቸው ያላዩ ሰዎች መሆናቸውን የተረዳሁት፣ በታኅሣሥ ወር አንድ ማለዳ ካደርኩበት አልጋ ቤት ወጥቼ ሻይ ፍለጋ ስንከራተት ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቼ ደብረ ማርቆስን፣ ኮሶበርን፣ ቻግኒንና ድባጤን አልፌ ነበር የደረስኩት። የኮሶበርን ውርጭ በጋቢ ተጠቅልዬ ካለፍኩ በኋላ «ከእንግዲህማ ሙቀት ነው» ብዬ ጋቢዬን ቻግኒ ለሚኖር ዘመዴ አደራ ሰጥቼ ቁልቁል ወረድኩ። ለዚያ ሞኝነቴ ነው እንግዲህ በማግስቱ ማለዳ ጥርሴ እየተንገጫገጨ ከመንገድ ዳር የቆምኩት።

ከመንገዱ ዳር አንዲት በአምሳዎቹ ዕድሜ የሚገመቱ ሴት በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ከፊታቸው የማዳበሪያ ከረጢት ተነጥፏል። ከረጢቱ ላይ የሕፃናት ቆቦች፣ ከአውራ ጣት ብዙም የማይበልጡ የሕፃን የክር ጫማዎች፣ ሁለት የአንገት ሻርፖች ተደርድረዋል። ሴትዮዋ ወደ ሸቀጣቸውም ወደ መንገደኛውም አያዩም። በግራ እጃቸው የያዙት ኪሮሽ ክሩ ውስጥ ጠለቅ፣ ወጣ፣ ጠለቅ፣ ወጣ ይላል። ቀና ብለው አዩኝና፣

«ልጄ፣ ጆሮህን ሸፍን። ብርድ የሚገባው በጆሮ ነው» አሉኝ።

አንድ ቆብ መረጥኩና ዋጋውን ሳልከራከር ከፈልኩ። ቆቡ ደብዛዛ አረንጓዴ ነው፤ ጠርዙ ላይ ቀይ መስመር ዞሮታል። ራሴ ላይ አድርጌ ሻዬን ስጠጣ ሙቀቱ ከጆሮዬ ጀምሮ ቁልቁል ሲወርድ ተሰማኝ። ከሙቀቱ ጋር አንድ ጥያቄ መጣ። እኔ ወደ መተከል የሄድኩት የሌላ ታሪክ ፍለጋ ነበር፤ የባላባቶችን፣ የግብርን፣ የዘመቻን ታሪክ ከሽማግሌዎች አፍ ልለቅም። ያ ታሪክ ቢያንስ ጠያቂ አለው። ይህ ራሴ ላይ ያለው ቆብስ? ኪሮሽ መቼ መጣ? ማን አመጣው? ማንስ ለማን አስተማረ? ስለ ሸማኔና ስለ ጥበብ ቀሚስ ብዙ ተብሏል፤ ሹራብና ኪሮሽ ግን «የሴቶች ጊዜ ማሳለፊያ» ከመባል አልፈው ታሪክ ከሚባለው ደጃፍ የደረሱ አይመስለኝም። ይህች ጽሑፍ ያንን ደጃፍ ለማንኳኳት የተጻፈች ናት።

ቃላቱ ሲመሰክሩ

ሰነድ በማይገኝበት ጊዜ ቃል ራሱ ሰነድ ይሆናል። አንባቢ ሆይ፣ ብርድ ሲመጣ የምንለብሳቸውን ትንንሽ ነገሮች እስቲ በስማቸው እንጥራቸው።

ካልሲ ጣልያንኛ ነው፤ «ካልሴ» ከሚለው የመጣ። ዳንቴል ፈረንሳይኛ ነው። «ዳን» በፈረንሳይኛ ጥርስ ማለት ሲሆን፣ ጠርዙ እንደ ትንንሽ ጥርስ የተደረደረ ጥልፍልፍ በመሆኑ ያንን ስም አገኘ። ኪሮሽም የዚያው አገር ልጅ ነው፤ ቆልማማ ጫፍ ያላት ትንሽ መንጠቆ ማለት ነው። እኛ መሣሪያውንም ሥራውንም በአንድ ስም ኪሮሽ አልነው። ጓንትና ሻርፕም ቢሆኑ ከፈረንሳይና ከጣልያን ቤት የወጡ ናቸው።

ሹራብ ግን በሌላ በር ነው የገባው። በዐረብኛ «ጀውረብ» ካልሲ ማለት ነው፤ በግብጽና በሱዳን የመንደር አነጋገር ደግሞ «ሸራብ» ይሉታል። እንግዲህ እኛ ደረታችንን የምናለብሰው ሹራብ ስሙን ያገኘው ከእግር ልብስ ነው ማለት ነው። ቃሉ ወደ እኛ ሲሻገር ከእግር ወደ ደረት ወጣ፤ በሁለት መርፌ ተሠርቶ የሚለጠጥ ነገር ሁሉ መጠሪያ ሆነ። ካልሲ ለእግሩ ከሮም መጣለት፤ ሹራብ ደግሞ ከዓባይ ታችኛው አገር ለደረት ቀረ።

ከእነዚህ ሁሉ መካከል ጥንት ከእኛው ጋር የኖረው ቆብ ነው። ቆብ ሲባል ግን ለአባቶቻችን መጀመሪያ የሚታሰባቸው መነኩሴ እንጂ ብርድ አልነበረም። «ቆብ ጫነ» ማለት ዓለምን ናቀ ማለት ነው። ዛሬ የቡለን እናት በተወለደ በሳምንቱ ሕፃን ላይ የምትጭነው ቆብ ዓለምን የሚያስንቅ ሳይሆን ለዓለም የሚያስተዋውቅ ነው። ቃሉ አንድ፣ ጉዞው ግን ሁለት!

ድርና ማግ የሌለው ልብስ

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረታችን የሸማኔና የፈታይ አገር ተረት ነው። ሸማኔ ድሩን ይዘረጋል፤ ማጉን በመወርወሪያ ያመላልሳል፤ ብዙ ክር ከብዙ ክር ጋር ተሻግሮ ልብስ ይወጣል። ሹራብና ኪሮሽ ግን ድርም ማግም የላቸውም። አንድ ክር ብቻ ነው። ያው ክር ቀለበት ይሠራል፤ በቀለበቱ ውስጥ ራሱን ስቦ ሌላ ቀለበት ይሠራል፤ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። በሹራብ ሁለት መርፌ ይዞ የረድፉን ቀለበት ሁሉ በአንድ ጊዜ ይሸከማሉ፤ በኪሮሽ ግን በአንዲት መንጠቆ ቀለበቶቹን አንድ በአንድ እየዘጉ ይሄዳሉ። የቆብ ሥራ ከአናት ይጀምራል። አንዲት ቀለበት ይሠሩና ዙሪያዋን እየዞሩ፣ በየዙሩ እየጨመሩ እንደ እንጀራ ያሰፉታል፤ ለራስ የሚበቃ ሲሆን መጨመሩን ትተው ቀጥ አድርገው ያወርዱታል።

ሙቀቱም የሚመጣው ከዚሁ አሠራር ነው። በቀለበቶቹ መካከል አየር ይታሰራል፤ የታሰረ አየር የሰውነትን ሙቀት ቶሎ አያሳልፍም። ቀለበት ስለሆነም ይለጠጣል፤ የዛሬው የሦስት ወር ሕፃን ቆብ በስድስት ወሩም ይሆነዋል። አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ይተረተራል። ሸማ ቢያረጅ መወልወያ ከመሆን በቀር ዕጣ የለውም። ሹራብ ግን ጫፉን አግኝተው ሲስቡት ሙሉ ለሙሉ ወደ ክርነቱ ይመለሳል። ይህችን ነገር አንባቢ ያዝልኝ፤ ወደ ቡለን ስንመለስ ታስፈልገናለች።

ይህ ጥበብ ከየት ተነሣ? የበረሃ ደረቅ አሸዋ ብዙ ምሥጢር ይጠብቃልና፣ ከግብጽ መቃብሮች እጅግ ያረጁ ካልሲዎች ተገኝተዋል። በለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ቤተ መዘክር የሚታየው ጥንድ ቀይ ካልሲ ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ምዕተ ዓመት ባለው ጊዜ የተሠራ ነው፤ ከነጠላ ጫማ ጋር እንዲደረግ አውራ ጣቱ ለብቻው ተከፍሏል። እርሱ የተሠራው በአንዲት ባለ ቀዳዳ መርፌ ነበር። በሁለት መርፌ የተሠሩት እውነተኛዎቹ የሹራብ ካልሲዎች ከዚያ ብዙ ዘግይተው፣ በእስላማዊው ዘመን በዚያው በግብጽ ታዩ፤ ከጥጥም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1275 የሞተው የስፔኑ ልዑል ፈርናንዶ ደ ላ ሴርዳ መቃብር ውስጥ ደግሞ በሹራብ ሥራ የተጌጠ ትራስ ተገኝቷል። ጥበቡ ከዐረቡ ዓለም ወደ አውሮፓ የተሻገረበትን መንገድ ይህ ትራስ ይጠቁመናል። በ1589 እንግሊዛዊው ዊልያም ሊ የሹራብ መሥሪያ መኪና ሲፈለስፍ፣ ቀዳማዊት ንግሥት ኤልሳቤጥ የእጅ ሠራተኞቼን ለማኝ ታደርግብኛለህ ብላ ፈቃድ ነፈገችው ይባላል።

ኪሮሽ ከሹራብ እጅግ ታናሽ ነው፤ ዛሬ በምናውቀው መልኩ የተስፋፋው በ19ኛው ምዕተ ዓመት ነው። ስሙን ዓለም ያወቀው ደግሞ ከረሀብ ጋር ተያይዞ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ በአየርላንድ የድንች ሰብል በበሽታ ጠፍቶ ሕዝብ ሲያልቅ፣ መነኮሳይትና በጎ አድራጊ ሴቶች የገበሬ ሚስቶችንና ልጆችን የኪሮሽ ዳንቴል አስተማሩ። ሥራው ወደ ለንደንና ወደ ፓሪስ እየተላከ ይሸጥ ነበር። ሙሽራይቱ በፓሪስ የለበሰችው ነጭ ዳንቴል ስንት የአየርላንድ ሕፃን ከሞት እንዳተረፈ አላወቀችም። መርፌ ከመሬት የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፤ ሰው ሲሰደድ አብሮት ይሰደዳል።

ባና፣ በርኖስና ባለ ቀለሙ ክር

«ታዲያ እኛ ሱፍ አናውቅም ነበር ወይ?» የሚል ይኖራል። በሚገባ እናውቃለን። የመንዝ በግ ጠጉሩ ረዥም ነው። በመንዝና በዙሪያው ደጋ ሴቶች ጠጉሩን ፈትለው፣ ወንዶች ሸምነው ባናና ዝተት ያወጡለታል፤ በርኖስ የሚባለው ካባም ከዚሁ ጠጉር ነው። ባና ከባድ ነው፤ ይኮሰኩሳል፤ ነገር ግን የጓሳን ውርጭ የሚመልስ እርሱ ነው። በ1950ዎቹ ደብረ ብርሃን ላይ የተቋቋመው የብርድ ልብስ ፋብሪካም የሱፍ አገር ላይ መቆሙ በከንቱ አልነበረም። ወደ መተከል ቆላ ስንወርድ ደግሞ ነገሩ ጥጥ ነው፤ ጉሙዞች ጥጥ ያበቅላሉ፤ እንዝርትም በየጎጆው አዲስ ነገር አይደለም።

እንግዲህ ሱፉም ጥጡም እንዝርቱም ነበሩ። ያልነበረው ቀለበቱ ነው። ቀለበቱን ያመጡት በአብዛኛው ሴቶች መምህራን ናቸው። የስዊድን ወንጌላውያን ሚስዮን እ.ኤ.አ. በ1866 ምጽዋ ከደረሰ በኋላ በእምኩሉ የሴቶች ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ኦሮምኛን በጽሑፍ ካቆሙት አንዷ የሆነችው አስቴር ገኖ የዚያ ቤት ፍሬ ናት። በዚያ ዘመን የሚስዮን የሴቶች ትምህርት ቤቶች መርፌና ክርን ከፊደል ለይተው አያዩም ነበር። በ1923 ዓ.ም. የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ሲከፈት ደግሞ የመንግሥት የሴቶች ትምህርት ተጀመረ፤ በኋላም የቤት አያያዝና የእጅ ሥራ ከአዳሪ ትምህርት ቤት እስከ ክፍለ ሀገር ድረስ ተዛመተ። እንዲህ እንዲህ እያለ ነው ነጩ ዳንቴል ከሬዲዮኑና ከቴሌቪዥኑ ራስ ላይ፣ ከሶፋው መደገፊያ ላይ የወጣው። የስንቶቻችን እናት ቤት ውስጥ ያ ሬዲዮ ከነዳንቴሉ እንደ ታቦት ተከብሮ ኖሯል!

የክሩን ነገር የለወጠው ግን ከኬሚካል የሚሠራው አክሪሊክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 በአሜሪካ በፋብሪካ ደረጃ መመረት ከጀመረ ወዲህ፣ የማይኮሰኩስ፣ ብል የማይበላው፣ ቀለሙ የደመቀ ክር በርካሽ ዓለምን አጥለቀለቀ። እኛም «የሱፍ ክር» እያልን ከበግ ጋር ዝምድና የሌለውን ክር መግዛት ጀመርን። ከደማቁ ክር ጋር የመጣ ሌላ ታሪክም አለ። ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጃማይካ ሲወርዱ የተቀበሏቸው የራስ ተፈሪያን አማኞች አረንጓዴ ቢጫ ቀያችንን የራሳቸው አድርገውት ነበር። ያ ቀለም በሹራብና በኪሮሽ ቆብ ሆኖ ሻሸመኔ ገባ፤ አሁን በፒያሳና በመርካቶ ጎዳናዎች ይሸጣል። ሰንደቃችን ባሕር ተሻግሮ ቆብ ሆኖ ተመለሰ ማለት ነው።

የልዕልቲቱ ስምና የታካሚዎቹ ሻል

የታሪክ ክር አንዳንድ ጊዜ ባላሰብነው ቦታ ራሱን ይስባል። በ1927 ዓ.ም. ጣልያን ሊወረን ሲዘጋጅ የኢትዮጵያ ሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር ተቋቋመ። ከግንባር ቀደሞቹ አንዷ ገና አሥራ ስድስት ዓመት ያልሞላት ልዕልት ፀሐይ ነበረች። የቤተ መንግሥትና የከተማ ሴቶች ተሰብስበው ለዘማቹ ፋሻና የመርዝ ጋዝ መከላከያ ይሠሩ ነበር። ልዕልቲቱ በስደት ዘመን በለንደን የሕፃናት ሆስፒታል የነርስነት ሙያ ተማረች። አገሯ ነጻ ወጥታ ከተመለሰች በኋላ ግን ብዙ አልቆየችም፤ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነቀምት ላይ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም በሃያ ሁለት ዓመቷ አረፈች።

በስሟ አዲስ አበባ ላይ ሆስፒታል ተሠራ። እ.ኤ.አ. በ1959 ሁለት ሐኪሞች፣ ባልና ሚስት፣ ሬጂናልድና ካትሪን ሀምሊን ለሦስት ዓመት ውል ወደዚያው ወደ ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል መጡ። በዚያ ያገኟቸው በረዥም ምጥ ተጎድተው ሽንታቸውን መቆጣጠር የተሳናቸው፣ ከባልና ከዘመድ የተገለሉ ሴቶች ነበሩ። ሐኪሞቹም ውላቸው አልቆ ሳይመለሱ ቀሩ፤ በ1974 የፊስቱላ ሆስፒታልን መሠረቱ። ዶክተር ካትሪን መጋቢት 2012 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ አርፈዋል።

የዚያን ሆስፒታል ፎቶግራፍ ያየ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አያልፍም። ታካሚዎቹ በትከሻቸው ላይ በልዩ ልዩ ቀለም ካሬዎች የተገጣጠመ የሹራብ ሻል ጣል አድርገዋል። ሻሎቹን በጎ ፈቃደኛ ሴቶች በሩቅ አገር በእጃቸው ሠርተው የላኳቸው ናቸው። በሽታው በሽታ ሽታ ነው፤ ሽታው ደግሞ ከሰው ይለያል። ለዓመታት ከሰው ተለይታ ጥግ የተቀመጠች ሴት፣ በማታውቀው ሰው እጅ ቀለበት በቀለበት የተሠራ ነገር ትከሻዋ ላይ ሲያርፍ የሚሰማት ሙቀት የብርድ ብቻ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ2005 የመጀመሪያው የቅርንጫፍ ማዕከል ባሕር ዳር ላይ ተከፍቷል፤ ለመተከል ሴቶችም መንገዱ በዚያው ልክ አጥሯል።

የቡለን ታኅሣሥ

አሁን ወደ በርጩማዋ ሴት እንመለስ። በማግስቱም በሠልስቱም እሄድ ነበር። «እትዬ፣ ማን አስተማረዎት?» አልኳቸው።

«ትምህርት ቤት ነዋ። የእጅ ሥራ መምህርታችን ክር ከሌለሽ ከክፍል ውጪ ትል ነበር። ክር ከየት ይመጣል? የአባቴን አሮጌ ሹራብ ተርትሬ ወሰድኩ። ወንዶቹም ይሠሩ ነበር እኮ! መርፌ ሲያጡ የብስክሌት ጎማ ሽቦ በድንጋይ ስለው ይመጣሉ።»

በእርሳቸው የትምህርት ዘመን መተከል የጎጃም ክፍለ ሀገር አንዱ አውራጃ ነበር። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከከምባታና ከሐዲያ የተነሣ 80,000 ያህል ሕዝብ በድርቁ ምክንያት በጣና በለስ፣ በፓዌ ዙሪያ ሰፈረ። የጣልያን መንግሥት ገንዘብ፣ ትራክተርና ባለሙያ መጣ። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ መተከል መቀመጫው አሶሳ የሆነው የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል አካል ሆነ። ሺናሻው፣ ጉሙዙ፣ አማራው፣ አገው፣ ኦሮሞው በአንድ ገበያ የሚገናኝበት አገር ነው። የገበያ ቀን ቆሜ በየእናቱ ጀርባ የታዘሉትን ሕፃናት አየሁ። እናቶቹ የሚያወሩት ቋንቋ ይለያያል፤ የሕፃናቱ ቆብ ግን ከአንድ እጅ የወጣ ይመስላል።

ስለ 2013 ዓ.ም. መጠየቅ አልፈለግሁም፤ እርሳቸው ናቸው የነገሩኝ። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ ንጋት ላይ የሆነውን አገር ሁሉ ሰምቷል። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በመጀመሪያው መግለጫው ከ100 በላይ ሰዎች መገደላቸውን አስታወቀ፤ ቁጥሩ በኋላ ከዚያም ከፍ አለ። በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው ወደ ቡለን ከተማ ሸሸ፤ ሌላውም ወደ ቻግኒ ተሻገረ። ወሩ ታኅሣሥ ነው፤ ሌሊቱ ይቆረቁራል። ሴትዮዋ ከገጠር መንደራቸው የወጡት በለበሱት ልብስ ነበር።

«ከብቱም እህሉም ቀረ። ኪሮሼ ግን ነጠላዬ ጫፍ ላይ እንደተቋጠረች አብራኝ መጥታለች። ማታ ስተኛ ጎኔን ስትወጋኝ ነው ያወቅኋት።»

ለተፈናቃዩ ልባሽ ጨርቅ ተሰብስቦ መጣ። በልባሹ ውስጥ የትልቅ ሰው ሹራቦች ነበሩ፤ ክርናቸው የተቀደደ፣ አንገታቸው የሰፋ፣ ማንም የማያነሣቸው። ሴትዮዋ አንዱን አነሡ። ጫፉን ፈልገው አገኙ። ሲስቡት ከላይ እስከ ታች ተተረተረ። ክሩን ክንዳቸው ላይ ጠምጥመው፣ በውኃ ነክረው፣ እጥፋቱ እንዲለቅ ድንጋይ አንጠልጥለውበት አደረቁት። ከአንድ ትልቅ ሹራብ ስምንት ዘጠኝ የሕፃን ቆብ ወጣ። በዚያ መጠለያ ውስጥ በዚያው ሰሞን የተወለዱ ሕፃናት ነበሩና መጀመሪያ ለእነርሱ ሰጡ። ከዚያ ሌሎች ሴቶች «እኔንም አሳዪኝ» እያሉ መጡ። ኪሮሽ አንዲት ብቻ ናት፤ የጃንጥላ ሽቦ አጣጥፈው ሠሩ። ሰላም ሲመለስ ብዙዎቹ ወደየቀያቸው ተመለሱ፤ እርሳቸው ግን ከተማው ውስጥ ቀሩ።

«ለምን አልተመለሱም?» አልኳቸው።

መልስ አልሰጡኝም። ኪሮሿ ጠለቅ፣ ወጣ፣ ጠለቅ፣ ወጣ ትላለች። ጥያቄዬን ወደ ማስታወሻዬ ሳልጽፍ ተውኩት። ከዚያ ይልቅ ለእናቴ አንድ ሻርፕ ገዛሁ።

ግራ እጅ

መቼም አንድ ኑዛዜ ሳልናገር ይህን ጽሑፍ ብዘጋ ሐሰተኛ እሆናለሁ። እናቴም ሹራብ ትሠራ ነበር። ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ሲሆነኝ ለክረምት ብላ ጆሮ የሚሸፍን ሰማያዊ ቆብ ሠራችልኝ። የሰፈር ልጆች «የሴት ቆብ!» ብለው ሳቁብኝ። በማግስቱ ቆቡን ለአንድ ልጅ ሰጥቼ አምስት ብይ ተቀበልኩ። ቤት ስመለስ «ጠፋብኝ» አልኳት። እናቴ አልተቆጣችም፤ «ጆሮህን ይበርድሃል» ብቻ አለች። ሌላ ግን አልሠራችልኝም። ያንን ቆብ ስንት ሌሊት እንደሠራችው አልጠየቅሁም፤ እስከ ቡለን ድረስም አልጠየቅሁም። የእነዚህን ትንንሽ ነገሮች ታሪክ ማንም አልጻፈውም ብዬ ከመክሰሴ በፊት፣ እኔው ራሴ አንዱን ምዕራፍ በአምስት ብይ መሸጤን ማመን ይገባኛል።

አዲስ አበባ ስመለስ ሻርፑንም ቆቡንም ፊቷ አስቀመጥኩላት። መነጽሯን አደረገች። ሻርፑን አመሰገነች፤ ወደ ጎን አለችው። ቆቡን ግን አነሣችና ገለበጠችው፤ አናቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረች። በጣቷ ዙሩን ተከተለች።

«ክሩ አዲስ አይደለም፤ ከሌላ ሹራብ የተተረተረ ነው። እጥፋቱ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም» አለች። ቀጥላም፣ «እዚህ ጋ ክር አንሷት ሌላ ቀጥላለች፤ ቋጠሮውን ግን ሕፃን እንዳይቆረቁረው ወደ ውጪ አወጣችው። ለሕፃን መሥራት የለመደች ናት» አለች።

ዝም ብዬ አያለሁ። እናቴ ቆቡን አንዴ ደግማ አዞረችውና ፈገግ አለች።

«ይህች ሴትዮ ግራኝ ናት» አለችኝ።

«በምን አወቅሽ?»

«ዙሩ ወደዚያ ነዋ የሚሄደው። የእኛ ወደዚህ ነው።»

ስለ ግራ እጃቸው አንድም ቃል አልነገርኳትም ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ «ሰነድ የለም» የሚለውን ቃል በቀላሉ አልጠቀምበትም። ሰነዱ በየጓዳው አለ፤ ማንበብ የሚችሉትም አሉ። የምንቸኩለው እኛ ነን፤ እነርሱ ደግሞ እየሄዱብን ነው። ሰሞኑን ወደ እናቴ ቤት የሚያመላልሰኝ ይኸው ነው። አንድ ኪሮሽና አንድ ክር ገዝቻለሁ። እስካሁን የሠራሁት ሁሉ ተመልሶ ተተርትሯል፤ ክሩ ግን እንዳለ ነው።